ልጄ 82ኛ አየር ወለድ ተመደበ፤ ምን ዓይነት ጦር ነው?

ጥያቄ፦ «ልጄ የአሜሪካ ጦር ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ሰሞኑን ደውሎ 82ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር መመደቡን በደስታ ነገረኝ። እኔ 'አየር ወለድ' ሲባል የሚታየኝ ከሰማይ ጠላት መሀል መውረድ ነው። ወንድሜ ደግሞ 'ጦርነት ሲነሳ መጀመሪያ የሚላኩት እነሱ ናቸው' ብሎ ጭራሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ጦር ምንድን ነው? በዚህ በድሮን ዘመን ከአውሮፕላን የሚዘል እግረኛ ምን ይሠራል?»

መልስ፦

እትዬ፣ ወንድምዎ ያሉት እውነት ነው። 82ኛው የተዘጋጀው ቀድሞ እንዲሄድ ነው። ጠላት መሀል በጃንጥላ መውረዱ ግን እርስዎ እንደሚያስቡት የዘወትር ሥራው አይደለም። ክፍለ ጦሩ በ1944 ሆላንድ ላይ ከዘለለ በኋላ እንደገና ለውጊያ እስኪዘል ድረስ 45 ዓመት አልፏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በመሀሉ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄዷል፣ ቬትናም ሄዷል፣ ግሬናዳ ሄዷል። ሁሉም ቦታ አውሮፕላኑ አርፎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በእግሩ ነው የወረደው።

እኔ የ82ኛው ካምፕ በሆነው ፎርት ብራግ ውስጥ ሰባት ዓመት ቀይ ኮፍያ አድርጌ ጃንጥላ ሳጥፍ ኖሬአለሁ። ቀይ ኮፍያ የእኛ የአጣፊዎች መለያ ነው። እያንዳንዱ ጃንጥላ ላይ ትንሽ ደብተር አለች፤ ያጠፈው ሰው እዚያ ላይ ይፈርማል። አለቃ ባሻው ቀን መጥቶ «ይቺን አንተ ነህ ያጠፍካት፤ በል ልበሳትና ዝለል» ሊል ይችላል። ስለዚህ የልጅዎን ጃንጥላ የሚያጥፈው ሰው የሚፈርመው በራሱም ነፍስ ነው። ይህን መጀመሪያ የነገርኩዎት እናቴም በጊዜዋ የጠየቀችኝ እሱን ስለነበረ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ሳጥፍ የገባኝ ነገር ቢኖር ጃንጥላው መጓጓዣ መሆኑ ነው፤ እንደ መኪና፣ እንደ በቅሎ። ወታደሩ መሬት ሲነካ ይፈታውና ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው እግረኛ ነው፤ ያውም ከሌላው እግረኛ ያነሰ መሣሪያ የያዘ እግረኛ። የ82ኛው ታሪክ በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል፤ ማንም ሳይደርስ ይደርሳል፣ ብቻውን ግን ብዙ መቆየት አይችልም።

ሲወለድ አየር ወለድ አልነበረም። ኦገስት 1917 ጆርጂያ ውስጥ ካምፕ ጎርደን በተባለ ቦታ ተራ እግረኛ ክፍለ ጦር ሆኖ ተቋቋመ። ወታደሮቹ ከያኔዎቹ 48 ግዛቶች ሁሉ የመጡ ስለነበሩ «ኦል አሜሪካን» ተባለ፤ ልጅዎ ትከሻ ላይ የሚያዩዋቸው ሁለት «ኤ» ፊደላት የዚያ ምልክት ናቸው። ከዚያ ዘመን ስሙ የቀረው የቴኔሲው ገበሬ አልቪን ዮርክ ነው። ሃይማኖቴ መግደልን ይከለክለኛል ብሎ ከውትድርና ነጻ እንዲያደርጉት አመልክቶ የነበረ ሰው፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር 132 ጀርመኖች ማርኮ መጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ክፍለ ጦሩ ተበተነ።

አሜሪካኖቹ ወታደርን በጃንጥላ ስለማውረድ የምር ማሰብ የጀመሩት ጀርመኖች ቀድመው ሲያደርጉት አይተው ነው። በ1940 ክረምት ፎርት ቤኒንግ በተባለ የጦር ካምፕ ውስጥ 48 በጎ ፈቃደኛ ወታደሮች ተሰብስበው ሙከራው ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 1942፣ እንደገና የተቋቋመው 82ኛ በጄኔራል ማቲው ሪጅዌይ አዛዥነት የአሜሪካ የመጀመሪያው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ሆነ። ያኔውኑ ከጎኑ ተቆርሶ 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ተፈጠረ። ሁለቱ ዛሬም እንደ ወንድማማች ይፎካከራሉ፤ ልጅዎ ስለ 101ኛው ክፉ ቢናገር አይፍረዱበት።

ያኔ አንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ14,000 በላይ ሰው ነበረው። አየር ወለዱ 8,500 ገደማ ነው። ታንክ የለውም። መድፉ ተፈታትቶ ከአውሮፕላን የሚጣል 75 ሚሊ ሜትር ትንሽ መድፍ ነው። ጥይትም፣ ምግብም፣ ባንዴጅም ሰዉ ጀርባው ላይ የተሸከመው ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ከሰማይ ካልተጣለለት ወይም ከምድር የሚመጣው ወገን ካልደረሰለት ያልቃል።

የመጀመሪያው ፈተና የጣሊያኗ ደሴት ሲሲሊ ነበረች። ጁላይ 9 ቀን 1943 ሌሊት 505ኛው ሬጅመንት በኮሎኔል ጄምስ ጋቪን መሪነት ከቱኒዚያ ተነሣ። ጋቪን ወላጆቹን ሳያውቅ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ቤት ያደገ፣ በተራ ወታደርነት የተቀጠረ፣ 36 ዓመቱ የነበረ ሰው ነው። ነፋሱ ከሚገባው በላይ ነበር፤ አብራሪዎቹም በጨለማ ባሕር ማቋረጥ አልለመዱም። ሰዉ በደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊ ተበተነ። ጋቪን ራሱ ሲወርድ የረገጠው ሲሲሊ ይሁን ሌላ አገር እርግጠኛ አልነበረም።

በወረቀት ላይ ይህ ሽንፈት ነው። መሬት ላይ የሆነው ሌላ ነበር። አምስት እዚህ፣ አሥር እዚያ የወረዱት ሰዎች አዛዥ አልጠበቁም። ያገኙትን የስልክ ሽቦ ቆረጡ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን መኪና አደፈጡበት፣ ተኩስ ወደ ሰሙበት ሄዱ። ጠላት ስንት ሰው እንደወረደበት መቁጠር አቃተው፤ ሁሉም ቦታ ያለ መሰለው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አየር ወለድ የሚሠለጥነው መበተኑ እንደማይቀር ታስቦ ነው። ተራው ወታደር የሻምበሉን ብቻ ሳይሆን የሻለቃውን ግብ ጭምር እንዲያውቅ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ አለቃው ቢሞት ወይም ሌላ ሸለቆ ቢወርድ ሥራው እንዳይቆም። ልጅዎ አሁን በጠዋት ተነሥቶ ካርታ ፊት ቆሞ የማይመለከተው የሚመስል ነገር ሲጠየቅ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋቪን የተበተነውን ሰው እየለቀመ ጁላይ 11 ቀን ቢያዛ የሚባል ኮረብታ ላይ ደረሰ። እዚያ የመጣበት ሄርማን ጎሪንግ የሚባለው የጀርመን ክፍለ ጦር ነበር፤ ከባዶቹ ታይገር ታንኮች ጭምር። የእሱ ሰዎች የያዙት ባዙካ የሚባለውን በትከሻ የሚተኮስ ፀረ ታንክ ነው፤ የባዙካው ጥይት ታንኩ ግንባር ላይ እየነጠረ ይመለስ ነበር። ጥቂቶቹን ትንንሽ መድፎች ጎትተው አምጥተው፣ ብዙ ሰው ገብረው፣ ኮረብታውን ያዙ።

በዚያው ሌሊት ከዚህ የከፋ ሆነ። 504ኛው ሬጅመንት በ144 አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊያጠናክር መጣ። ከጥቂት ሰዓት በፊት የጀርመን አውሮፕላኖች የባሕር ዳርቻውንና መርከቦቹን ሲደበድቡ ስለዋሉ፣ ተኳሹ ሁሉ ጣቱ ቃታ ላይ ነበር። መጀመሪያ የመጡት በሰላም አለፉ። ከዚያ አንዱ ተኮሰ፤ ሌላው ሁሉ ተከተለው። ከመርከብም ከምድርም የገዛ ወገናቸው 23 አውሮፕላን ጣለ፤ 37 ክፉኛ ቆሰለ። ከወታደሩና ከአብራሪው ከ300 በላይ ሰው ሞተ፣ ተጎዳ ወይም ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርማንዲ ላይ የአጋሮቹ አውሮፕላኖች ክንፋቸው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር የተቀቡት ወገን ወገኑን እንዲለይ ነው። የአጋሮቹ ጦር የበላይ አዛዥ አይዘንሃወር ራሱ ከሲሲሊ በኋላ ክፍለ ጦርን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ከአየር ማውረዱን ተጠራጥሮ ነበር። ሐሳቡን ያዳነው ዲሴምበር 1943 11ኛው አየር ወለድ ሰሜን ካሮላይና ላይ ያደረገው ትልቅ ልምምድ ነው። ያ ልምምድ ባይሳካ ኖሮ ልጅዎ ዛሬ የሚመደብበት ክፍለ ጦር ላይኖር ይችል ነበር።

ኖርማንዲን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ጁን 6 ቀን 1944 ጎሕ ሳይቀድ 505ኛው ሴንት-ሜር-ኤግሊዝ የምትባለውን ከተማ ያዘ። ጆን ስቲል የተባለው ወታደር ጃንጥላው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ተጠልፎ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የከተማው ሰው ዛሬም እዚያው ላይ ጃንጥላ የለበሰ አሻንጉሊት ሰቅሎ ያስታውሰዋል። ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። ደሙ የፈሰሰው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ላ ፊዬር በምትባል ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። ጀርመኖቹ ሜርዴሬ ወንዝን ሜዳው ላይ ለቀውት ስለነበር ከነጭነቱ ውኃ ውስጥ ወርዶ የሰመጠ ብዙ ነው። አራት ቀን ተዋጉባት። ክፍለ ጦሩ ከ33 ቀን በኋላ ከግንባር ሲወጣ የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው 5,245 ነበር።

እኔ ለ82ኛው ሰው ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ብቻ ንገረው ብባል የምነግረው የናይሜግንን ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1944 ሦስት አየር ወለድ ክፍለ ጦሮች ሆላንድ ላይ ወረዱ። ሐሳቡ በተከታታይ ያሉትን ድልድዮች መያዝና ከደቡብ በአንዲት ጠባብ መንገድ የሚመጣውን የእንግሊዝ ታንክ ማሳለፍ ነበር። 82ኛው በጋቪን አዛዥነት (37 ዓመቱ ነው) መሀሉ ደረሰው። ናይሜግን ከተማ ላይ ያለውን የዋል ወንዝ ትልቅ ድልድይ ግን ቶሎ መያዝ አልቻለም። በሦስተኛው ቀን ታንኮቹ ደርሰው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሙ፤ በወዲያኛው ጫፍ ጀርመኖች አሉ። ድልድይን ከሁለቱም ጫፍ ካልያዙት ይፈነዳል። ጋቪን አንድ ሻለቃ ጦር ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ከኋላ እንዲመጣ ወሰነ።

ጀልባዎቹ የመጡት በማግሥቱ ነው፤ 26 ናቸው፤ ጎናቸው ሸራ ነው። ሲገጣጠሙ መቅዘፊያው አልበቃም። ሴፕቴምበር 20 ከቀትር በኋላ፣ በጠራራ ብርሃን፣ በሻለቃ ጁሊያን ኩክ የሚመራው የ504ኛው ሦስተኛ ሻለቃ ገባ። መቅዘፊያ ያላገኘው በጠመንጃው ሰደፍ ቀዘፈ። ካቶሊኩ ኩክ በያንዳንዱ ቀዘፋ ጸሎተ ማርያም ይደግም ነበር። ከጀልባዎቹ ግማሽ ያህሉ ብቻ ለሁለተኛ ዙር ተመለሱ። የተሻገሩት የወንዙን ግንብ ጥሰው ድልድዩ ጫፍ ላይ ደረሱ፤ በዚያው ምሽት የእንግሊዝ ታንኮች ድልድዩን ተሻገሩ።

ዛሬ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ድልድይ አለ፤ በ2013 ነው የተከፈተ። ሲሻገሩ የሞቱት 48 ስለሆኑ መንገዱ ላይ 48 ጥንድ መብራት ተተክሏል። ማታ ማታ ፀሐይ ስትገባ መብራቶቹ ባንዴ አይበሩም፤ አንዱ ጥንድ ከሌላው ቀጥሎ በሰው እርምጃ ልክ ይበራል። አንድ የቀድሞ ወታደር ከመብራቱ ጋር እኩል እየተራመደ ድልድዩን ይሻገራል። በየምሽቱ። እኔ ሄጄ አይቻለሁ፤ ዝናብ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር።

ታንኮቹ ግን የመጨረሻው ድልድይ ያለባት አርነም አልደረሱም። እዚያ ይጠብቃቸው የነበረው የእንግሊዝ አንደኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ነው። ሁለት ቀን ቆዩ ተብሎ የተላከ ጦር ዘጠኝ ቀን ተዋጋ፤ ከሄዱት 10,000 ያህል ሰዎች ወንዙን ተሻግሮ የተመለሰው ሩብ እንኳ አይሆንም። ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ የሚደርስላቸው ነው የጎደለው። «ብቻውን መቆየት አይችልም» ያልኩዎት ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር ልጅ ያለዎት እናት ስለሆኑ። በ1944 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ካምፕ ማካል በተባለ ቦታ ሙሉ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት 555ኛ ጃንጥላ ወራጅ ሻለቃ ተመሠረተ፤ መኮንኖቹም ጥቁሮች ነበሩ። አውሮፓ አልተላኩም። በ1945 ወደ ምዕራብ ግዛቶች ተልከው ከጃፓን በፊኛ ተንሳፍፎ የሚመጣ ቦምብና የደን ቃጠሎ ለማጥፋት ከሰማይ እየዘለሉ እሳት ሲያጠፉ ከረሙ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጋቪን ወደ 82ኛው ወሰዳቸው። ጃንዋሪ 1946 ኒው ዮርክ ላይ የድል ሰልፍ ሲደረግ ከክፍለ ጦሩ ጋር እንዲሰለፉ ያደረገ እሱ ነው። ዲሴምበር 1947 ደግሞ ሻለቃውን የ505ኛው አካል አደረገው፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ መለያየትን የሚያስቀረውን ትእዛዝ ከማውጣቱ ከወራት በፊት ማለት ነው። እኔ ባገለገልኩበት ዘመን እንደ እኔ ያለ የሸዋ ልጅ እዚያ መኖሩ ማንንም አይደንቅም ነበር።

አሁን ወደ ዘመናችን። በ1989 ዲሴምበር ፓናማ ላይ 2,000 ያህል የ82ኛ ወታደሮች በሌሊት ቶሪኾስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዘለሉ። እኛ አጣፊዎች ዘንድ የሚነገረው ግን ስለ በረዶው ነው። በመነሻው ሌሊት ሰሜን ካሮላይና ላይ የበረዶ ዝናብ ወርዶ የአውሮፕላኖቹ ክንፍ ተጋገረ፤ ፈሳሽ እየረጩ ሲያቀልጡ ሰዓት ሄደ፤ ወደ ሐሩር አገር የሚዘምት ጦር በብርድ እየተንቀጠቀጠ ተቀመጠ። አውሮፕላኖቹም ተራርቀው ደረሱ። ከባዱ ዕቃ ከፊሉ ረግረግ ውስጥ ገባ። ይህን የማነሳው ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ዕቅዱ ያማረ፣ አወራረዱ የተዝረከረከ፣ ሰዉ ግን ተለቃቅሞ ሥራውን የሚጨርስ።

በ1990 ኢራቅ ኩዌትን በወረረች በሳምንት ውስጥ ሳዑዲ አረቢያ በረሃ ላይ የቆመው የአሜሪካ እግረኛ 82ኛው ነበር። ፊቱ ያለው የታንክ ሠራዊት፣ እሱ የያዘው የትከሻ መሣሪያ። ወታደሮቹ በራሳቸው ሲቀልዱ «የፍጥነት መቀነሻ» ይሉ ነበር፤ መንገድ ላይ መኪና እንዲያዘግም እንደሚሠራው ጉብታ። ያ ሁሉ ሆኖ እዚያ መቆማቸው ሥራውን ሠርቷል። ሳዳም ወደፊት ቢገፋ ከሳዑዲ ብቻ ሳይሆን ከአሜሪካም ጋር እንደሚዋጋ የሚያሳይ የሰው ማስረጃ ነበሩ። በ1994 ሄይቲ ላይ ጭራሽ መውረድም አላስፈለገም። አውሮፕላኖቹ ወታደሩን ጭነው አየር ላይ ሳሉ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እዚያው ዋና ከተማዋ ፖርት-ኦ-ፕረንስ አገሪቱን ከያዙት ጄኔራሎች ጋር እየተደራደረ ነበር። ጄኔራሎቹ አውሮፕላኖቹ መነሣታቸውን ሲሰሙ ተስማሙ፤ አውሮፕላኖቹም ከመንገድ ተመለሱ። ለእኔ የክፍለ ጦሩ ምርጥ ዘመቻ ይህ ነው፤ አንድም ጃንጥላ አልተከፈተም።

በድሮን ዘመን ምን ይሠራል ላሉት፣ በግልጽ ልንገርዎት፦ ጠንካራ አየር መቃወሚያ ባለው አገር ላይ ክፍለ ጦር በጃንጥላ ማውረድ ዛሬ ራስን ማጥፋት ይመስለኛል። አንድ ሲ-17 አውሮፕላን 102 ዘላይ ይጭናል፤ አንድ ሚሳኤል 102 ሰው ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ኪየቭ አጠገብ ሆስቶሜል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምርጥ አየር ወለዶቿን በሄሊኮፕተር አወረደች። ማረፊያውን ያዙ። በትልልቅ አውሮፕላን ሊመጣ የታሰበው ማጠናከሪያ ግን ዩክሬኖቹ ማኮብኮቢያውን ስለደበደቡት ማረፍ አልቻለም። የአርነም ታሪክ ነው፣ በ78 ዓመት ልዩነት። ጥቅሙ ያለው መከላከያው በደከመበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በፍጥነቱ ነው። ከብርጌዶቹ አንዱ ሁልጊዜ ተረኛ ነው። ተረኛው ወታደር ሲጠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የመጀመሪያው ጦር ትእዛዙ ከወጣ በ18 ሰዓት ውስጥ አየር ላይ ይሆናል። በ2020 አዲስ ዓመት ማግሥት ወደ ኩዌት፣ ኦገስት 2021 ወደ ካቡል፣ ፌብሩዋሪ 2022 ወደ ፖላንድ የሄዱት እንዲህ ነው፤ አንዱም በጃንጥላ አልነበረም። ከካቡል መጨረሻ የወጣው አሜሪካዊ ወታደር የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ክሪስ ዶናሁ ነበር።

ስለ ዝላዩ ራሱ፦ ልጅዎ ፎርት ቤኒንግ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ፣ አምስት ጊዜ ዘልሎ ነው የዘላይነት ምልክት የሆነውን የክንፍ ባጁን ያገኘው። ከዚህ በኋላ የዝላይ አበሉ እንዳይቋረጥ ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ይዘላል። ገመዱ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ስለሆነ ጃንጥላውን የሚከፍተው እሱ አይደለም፤ ተጠባባቂ ጃንጥላም ደረቱ ላይ አለ። አዲሱ ቲ-11 ጃንጥላ ከአሮጌው የበለጠ ሰፊ ነው፤ አወራረዱ ይቀዘቅዛል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ወገብ ይጎዳል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ሲወርድ እግሩን ገጥሞ ጉልበቱን አጠፍ ያድርግ፣ መሬቱን አይይ፣ አድማሱን ይይ። አስተማሪዎቹ ነግረውታል፤ እናት ስትደግመው ግን ይለያል።

አድራሻ እንዳይምታታብዎት፦ ካምፑ በ2023 ፎርት ሊበርቲ ተብሎ ነበር፣ በ2025 ወደ ፎርት ብራግ ተመልሷል፤ አንድ ቦታ ነው።

የመጨረሻው፣ ስልክ። የእሱ ብርጌድ ተረኛ የሚሆንበትን ጊዜ አሁኑኑ ይጠይቁት፤ ያ ምሥጢር አይደለም። በዚያ ጊዜ በድንገት ከተጠሩ ስልክ ይዘው እንዳይሄዱ ሊከለከሉ ይችላሉ፤ በ2020 እንደዚያ ነው የተደረገው። ስለዚህ ከመጠራቱ በፊት የቅርብ አለቃውን ወይም የክፍሉን የቤተሰብ አገናኝ ስልክ ቁጥር እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ እርስዎንም በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ያስመዝግብዎ። ብዙ የእኛ ልጆች እናት እንዳትጨነቅ ብለው ይህን ሳያስመዘግቡ ይቀራሉ።